ምጣዱ ሳይሟሽ ፊልም አይወጣም

የመጀመሪያው ትራንዚስተሬ ለዓይን በጣም ያምር ነበር። ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ሰማያዊ ፊልም (በጣም ስስ ሽፋን)፣ በላዩ ላይ በረድፍ የተቀመጡ ትንንሽ የወርቅ ሰሌዳዎች። መለኪያው ላይ አስቀምጬ ቮልቴጅ ስሰጠው ግን የሚያልፈው ከረንት ከምንም የማይቆጠር ሆነ። ሞቢሊቲውን፣ ማለትም ቻርጅ በፊልሙ ውስጥ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚንቀሳቀስ የሚናገረውን ቁጥር፣ ሳሰላ 0.004 ስኩዌር ሴንቲሜትር በቮልት ሰከንድ ወጣ። በዚያው ዓይነት ዱቄት፣ ፔንታሲን በሚባለው፣ ሌሎች ሰዎች ወደ 1 የሚጠጋ ቁጥር ያገኛሉ። እኔ ከ200 እጥፍ በላይ ወደኋላ ነበርኩ። ሦስት ወር ሙሉ ከዚያ ቁጥር ፈቀቅ ማለት አልቻልኩም።

ያኔ ስዊድን ውስጥ የዶክትሬት ተማሪ ነበርኩ። አሁን አዲስ አበባ ተመልሼ አስተምራለሁ። ይህን የምጽፈው በፊዚክስ፣ በኬሚስትሪ ወይም በማቴሪያል ሳይንስ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ዲግሪ ጀምራችሁ "ኦርጋኒክ ሴሚኮንዳክተር (ከካርቦን ሞለኪውሎች የሚሠራ ሴሚኮንዳክተር) ሥሩ" ለተባላችሁ ነው። በታተሙ ጽሑፎች ውስጥ የአሠራሩ ክፍል ብዙውን ጊዜ አንድ አንቀጽ ናት። እኔ ዓመታት የፈጀብኝ በዚያች አንቀጽ ውስጥ ያልተጻፈው ነገር ነው።

ነገሩን ባጭሩ ላስቀምጠው። ፔንታሲን አምስት የቤንዚን ቀለበቶች በአንድ መስመር የተያያዙበት ሞለኪውል ነው። 22 ካርቦንና 14 ሃይድሮጂን አለው። ቅርጹ ረዘም ያለ ዱላ ይመስላል። ሲሊኮን ውስጥ አቶሞቹ በጠንካራ ኬሚካላዊ ቦንድ የተሳሰሩ ናቸው። ፔንታሲን ውስጥ ግን አንዱን ሞለኪውል ከጎረቤቱ ጋር የያዘው ደካማ መሳሳብ ብቻ ነው። ቻርጁ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገረው ሞለኪውሎቹ በደንብ ተቀራርበውና ተስተካክለው ሲቆሙ ነው። ትንሽ ዘወር ካሉ ወይም በመሃል ስንጥቅ ካለ መንገዱ ይዘጋል። ስለዚህ ጉዳዩ ሁሉ ሰልፍ ነው። የተሰለፈ ፊልም ለቆዩ ጠፍጣፋ ስክሪኖች ከሚያገለግለው ክሪስታል ያልሆነ ሲሊኮን እኩል ወይም በላይ ይሠራል። ያልተሰለፈው የሚያምር ቀለም ከመሆን አያልፍም።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ትራንዚስተሩ ሲሠራ ቻርጁ በፊልሙ ሙሉ ውፍረት አይሄድም። የሚሄደው ከታች፣ ፊልሙ ካረፈበት የኦክሳይድ ወለል ጋር በሚነካካው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት የሞለኪውል ድርብርቦች ውስጥ ነው። 50 ናኖሜትር ፊልም ብትሠሩ ዋናውን ሥራ የሚሠራው የታችኛው 5 ናኖሜትር ገደማ ነው። የቀረው ከላይ የተጫነ ነው። እኔ ይህን ከመጽሐፍ አንብቤው ነበር፤ ፈተናም ላይ ጽፌዋለሁ። በእጄ ሥራ ላይ ምን ማለት እንደሆነ ግን አልገባኝም ነበር።

የገባኝ አንድ እሑድ ከእናቴ ጋር በስልክ ሳወራ ነው። ድምፄን ሰምታ ደህና አለመሆኔን አወቀች።

"ምን ሆነሻል?" አለችኝ።

"ሥራው እምቢ አለኝ እማዬ።"

"ምኑ ነው እምቢ ያለሽ?"

"አንድ ነገር በጣም ስስ አድርጌ እንደ መስታወት ለስላሳ በሆነ ነገር ላይ አነጥፋለሁ። ከላይ ሲያዩት ያምራል፤ ውስጡ ግን የተዘበራረቀ ነው።"

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ "የምታነጥፊበትን አሟሽተሽዋል?" ብላ ጠየቀችኝ። እናቴ ስለ ሴሚኮንዳክተር የምታውቀው ነገር የለም። አዲስ ምጣድ ገዝታ በጎመን ዘር ደጋግማ እያሸች፣ እያጋለች፣ እስኪጠቁርና እስኪለሰልስ ድረስ ስታሟሽ ግን ልጅ ሆኜ አይቻለሁ። ያልተሟሸ ምጣድ ላይ ሊጡ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ይጣበቃል፤ ዓይኑም አይወጣም። ጥፋቱ የሊጡ አይደለም። እኔ ሦስት ወር ሙሉ ሊጡን ስቀይር ነው የከረምኩት። የዱቄቱን መጠን፣ የማሞቂያውን ከረንት፣ የፊልሙን ውፍረት እቀያይር ነበር። ወለሉን ግን በአሴቶንና በአይሶፕሮፓኖል አጥቤ፣ በናይትሮጂን አድርቄ፣ "ንጹሕ ነው" ብዬ አልፌው ነበር።

ብዙዎቻችን የምንጠቀመው ወለል 300 ናኖሜትር ገደማ የሲሊኮን ዳይኦክሳይድ የለበሰ የሲሊኮን ዌፈር (ስስ የሲሊኮን ሰሌዳ) ነው። የታጠበ ኦክሳይድ ላይ ሃይድሮክሲል የሚባሉ፣ ኦክሲጅንና ሃይድሮጂን የተያያዙባቸው ቡድኖች ፈሰው ይገኛሉ። ሁለት ጉዳት ያደርሳሉ። አንደኛ፣ ቻርጅ ይዘው ያስቀራሉ። ሁለተኛ፣ ውሃ ይስባሉ። ውሃው በዓይን አይታይም፤ ግን አለ። ይህን ለመሸፈን ከተለመዱት ነገሮች አንዱ ኦቲኤስ ነው፤ ሙሉ ስሙ ኦክታዴሲልትራይክሎሮሲሌን። አንደኛው ጫፉ ኦክሳይዱን ይይዛል። ሌላው ጫፉ 18 ካርቦን ያለው ቅባት መሳይ ጭራ ነው። ጭራዎቹ ጥቅጥቅ ብለው ጎን ለጎን ሲቆሙ ወለሉ ውሃ የማይዝ ይሆናል። ይኸው ማሟሸት ማለት ነው።

ኦቲኤስ ግን ጠባዩ ከባድ ነው። ወለሉን ለመያዝ ጥቂት እርጥበት ይፈልጋል። እርጥበቱ ከበዛ ደግሞ ሞለኪውሎቹ ወለሉ ላይ ሳይደርሱ እርስ በርሳቸው ተያይዘው ጉብ ጉብ ይላሉ። የመጀመሪያ ሙከራዬ እንዲህ ሆነ። በአቶሚክ ፎርስ ማይክሮስኮፕ (ወለልን በስስ መርፌ እየዳሰሰ ከፍታውን በሚያሳይ መሣሪያ) ሳየው ወለሉ ጠጠር የተበተነበት ሜዳ መሰለ። ያ ወለል ምንም ካልለበሰው ወለል የባሰ ነው፤ ምክንያቱም በእያንዳንዱ ጉብታ ዙሪያ አዲስ ክሪስታል ይወለዳል። በኋላ የረዱኝ ነገሮች እነዚህ ናቸው። ጠርሙሱ አንዴ ከተከፈተ በኋላ በደረቅ ናይትሮጂን ሳጥን ውስጥ ማስቀመጥ። በትንሽ በትንሽ ጠርሙስ ከፋፍሎ መያዝ፣ የደፈረሰውን ደግሞ ሳያዝኑ መጣል። ኦክሳይዱን ከማልበሴ በፊት በዩቪ ኦዞን ማጽዳት። ከለበሰ በኋላ በቶሉዊን በደንብ አጥቦ በአልትራሳውንድ መታጠቢያ ጥቂት ደቂቃ ማቆየት፤ ያልያዘው ትርፍ እንዲለቅ። ኦቲኤስ ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጋዝ ስለሚለቅ ይህን ሁሉ አየር በሚስብ መከለያ ውስጥ ነው የምትሠሩት። በዚህ ላይ ልመና አያስፈልግም፤ ሳንባችሁ አንድ ነው።

ወለሉ መልበሱን ለማወቅ ትልቅ ማሽን አያስፈልግም። አንድ የውሃ ጠብታ ጣሉበትና ከጎን ፎቶ አንሱ። ጠብታው ተድበልብሎ ከ105 ዲግሪ በላይ አንግል ከሠራ ጥሩ ነው። ወደ 110 ከተጠጋ በጣም ጥሩ። ከ95 በታች ከሆነ ዱቄታችሁን አታባክኑ። እኔ ይህን ፈተና ያላለፈ ወለል ላይ ፊልም መሥራት ያቆምኩ ቀን ነው ሥራዬ መስመር የያዘው።

እዚህ ላይ ያስገረመኝን ነገር ልንገራችሁ። ጥሩ ኦቲኤስ ላይ ያደገው ፔንታሲኔ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ክሪስታሎቹ ባዶ ኦክሳይድ ላይ ካደጉት ያንሱ ነበር። ሞቢሊቲው ግን ከ0.004 ወደ 0.6 ወጣ። እኔ "ክሪስታል ሲተልቅ ይሻላል" የሚለውን እንደ ሕግ ይዤ ነበር። ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም። ከመጠኑ ይልቅ የታችኛው ድርብርብ ያለ ክፍተት መያያዙና ወለሉ ቻርጅ አለመያዙ ይበልጣል። ትልልቅ ሆነው በመሃላቸው ጥልቅ ስንጥቅ ካለ ትልቅነታቸው ምንም አይጠቅምም።

ዱቄቱን በቫኪዩም ውስጥ አትንኖ ወለሉ ላይ ስለማሳረፍ ብዙ አልልም፤ በየቦታው ተጽፏል። ግፊቱ ቢያንስ ወደ አንድ ሚሊዮንኛ ቶር ይውረድ። ፊልሙ የሚያድግበት ፍጥነት በሰከንድ ከ0.01 እስከ 0.05 ናኖሜትር ይሁን። ወለሉ 60 ዲግሪ ገደማ ይሙቅ። በሰከንድ 0.03 ብትይዙ 50 ናኖሜትር ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ትዕግሥት ማጣት እዚህ ላይ ነው የሚመጣው። ሞለኪውል ሲያርፍ ወለሉ ላይ ትንሽ ይንሸራሸራል፤ ቦታ ይፈልጋል። ቦታውን ሳያገኝ ሌሎች ከላይ ከወደቁበት ባለበት ይቀራል። ስለዚህ ዝግ ማለትና መጠነኛ ሙቀት ለሞለኪውሉ ጊዜ መስጠት ነው። ሙቀቱን አብዝታችሁ ወደ 90 ካወጣችሁት ግን ሌላ ዓይነት የክሪስታል አደራደር መግባት ይጀምራል፤ ክፍተትም ይበዛል።

ዱቄቱ ራሱ ግን አንድ አንቀጽ ይገባዋል። ከአቅራቢ የሚመጣ ፔንታሲን ላይ "99 በመቶ" ተብሎ ቢጻፍ እንኳ አትመኑት። ፔንታሲን ብርሃንና አየር ሲያገኘው ኦክሲጅን ይዞ ፔንታሲንኪኖን ወደሚባል ሌላ ነገር ይለወጣል። ያ ባዕድ ሞለኪውል በሰልፉ መሃል ገብቶ ያፈርሰዋል። በ2004 የወጣ አንድ ጥናት ይህን ቆሻሻ በቫኪዩም በማሞቅ ከቀነሰ በኋላ ከዱቄቱ ባደገ ነጠላ ክሪስታል ውስጥ በክፍል ሙቀት 35 ሞቢሊቲ ለክቷል። እኔም ዱቄቱን በረጅም የመስታወት ቱቦ ውስጥ፣ በአንድ ጫፍ እያሞቅኩ፣ በቫኪዩም ሁለት ጊዜ አተነንኩት። ንጹሑ ቱቦው መሃል ላይ ጥቁር ሰማያዊ ክሪስታል ሆኖ ይሰበሰባል። ቀላል የሆነው ቆሻሻ ራቅ ብሎ ቀዝቃዛው ጫፍ ላይ ይቀመጣል፤ ከባዱ ከመነሻው አይነሳም። ከዚህ በኋላ ሞቢሊቲዬ 1.1 ደረሰ። ጠርሙሱን በአሉሚኒየም ፎይል መጠቅለል ብዙ ልፋት ያድናል።

ፊልሙን ደግሞ ሳይለኩ ማየት ልመዱ። ጥሩ ፔንታሲን በአቶሚክ ፎርስ ማይክሮስኮፕ ሲታይ የእርከን እርሻ ይመስላል። የኮንሶን ተራሮች በፎቶ ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል። የእያንዳንዱ እርከን ከፍታ 1.5 ናኖሜትር ገደማ ነው። ይህ የአንድ ሞለኪውል ቁመት ነው ማለት ይቻላል፤ ሞለኪውሎቹ ወለሉ ላይ ቆመዋል ማለት ነው። ኤክስሬይ ዲፍራክሽን (የክሪስታል አደራደርን በኤክስሬይ የሚለካ መሣሪያ) ካላችሁ ደግሞ በመዳብ ኤክስሬይ የመጀመሪያው ጫፍ 5.7 ዲግሪ ላይ ይወጣል። ከጎኑ 6.1 አካባቢ ሌላ ጫፍ ብቅ ካለ ሁለተኛው አደራደር ተቀላቅሏል፤ ሙቀቱን ወይም ውፍረቱን ቀንሱ።

አገሬ ስመለስ ይህ ሁሉ እውቀት በሻንጣዬ ነበር። ቫኪዩም ማሽኑ ግን አልነበረም።

በኢትዮጵያ ይህ ዘርፍ አዲስ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከስዊድን ባልደረቦቻቸው ጋር ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፉ ፖሊመሮች ላይ ለብዙ ዓመታት ሠርተዋል። ኡፕሳላ ያለው ዓለም አቀፍ የሳይንስ ፕሮግራም ደግፏቸዋል። እኔም የመጀመሪያውን ትምህርት ያገኘሁት በዚያ መንገድ ካለፉ መምህራን ነው። የዕለት ተዕለት ችግሩ ግን ሌላ ነው። ቫኪዩም ለማውረድ ሰዓታት፣ ፊልም ለመሥራት ግማሽ ሰዓት፣ ወርቅ ለማልበስ ደግሞ ሌላ ሰዓት ያስፈልጋል። በዚህ መሃል መብራት ከጠፋ የቀኑ ሥራ ጠፋ። አንድ ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ፈለግኩ።

መልሱ በፈሳሽ መሥራት ነበር። ተራው ፔንታሲን በአሟሚ ፈሳሽ ውስጥ እሺ ብሎ አይሟሟም። በአሜሪካ ኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ የጆን አንቶኒ ቡድን በ2001 ከመሃለኛው ቀለበት ላይ ግራና ቀኝ ሁለት ትልልቅ ቡድኖች ገጠመለትና ቲፕስ-ፔንታሲን ተወለደ። ይህ በቶሉዊን ውስጥ በደንብ ይሟሟል። ስታንፎርድ ያለው የዠናን ባኦ ቡድን ደግሞ ይህን ፈሳሽ በጋለ ወለል ላይ በምላጭ መሳይ ሰሌዳ እየጎተተ ማድረቅን ትልቅ ደረጃ አደረሰው። በ2011 ባሳተሙት ሥራ የመጎተቻውን ፍጥነት በመቀየር ብቻ ሞለኪውሎቹን ይበልጥ አቀራርበው ሞቢሊቲውን ከ0.8 ወደ 4.6 አወጡት። በዚያው ዓመት ጃፓን ጹኩባ ውስጥ ሌላ ቡድን ሲ8-ቢቲቢቲ የተባለውን ሞለኪውል በቀለም ማተሚያ ዘዴ አትሞ በአማካይ 16.4 አገኘ። በማተሚያ! ይህን ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ይሞላል። የእኛ አገር ላቦራቶሪ ሊደርስበት የሚችል መንገድ ነውና።

መሣሪያውን ከተማሪዎቼ ጋር ራሳችን ሠራነው። አንድ ሆት ፕሌት፣ አንድ ስቴፐር ሞተር (በእርምጃ እርምጃ የሚዞር) ከብሎን ዘንግ ጋር፣ ሞተሩን የሚያዝ አንድ አርዱዊኖ። መጎተቻው ሰሌዳ የተቆረጠ የሲሊኮን ዌፈር ነው። እሱን በኦቲኤስ አልብሰነዋል፤ ፈሳሹ ሰሌዳው ላይ እንዳይወጣ። በሰሌዳውና በወለሉ መካከል ያለውን ክፍተት በማይክሮስኮፕ ሽፋን ብርጭቆ ለካነው፤ 150 ማይክሮሜትር ገደማ ነው። ቀሪው ትዕግሥት ነው።

የመጀመሪያው ስህተት የኔ ነበር። ኦቲኤስ ለፔንታሲን መድኃኒት ስለሆነልኝ ወለሉንም በሱ አለበስኩት። ቶሉዊኑ ወለሉ ላይ መዘርጋት እምቢ ብሎ ተሰብስቦ ኳስ ሆነ። ውሃን የገፋው ያ ወለል የፔንታሲን ፈሳሻችንንም ይገፋል። ለፈሳሽ ሥራ ፌኒልትራይክሎሮሲሌን የተባለው ይሻላል። ሃይድሮክሲሉን ይሸፍናል፤ ቶሉዊን ግን ይረጥብበታል። ምጣድ ሁሉ በአንድ ዓይነት አይሟሽም።

ሁለተኛው ችግር ብዙ ጊዜ ወሰደብን። ፊልሙ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ እኩል እኩል የተራራቁ መስመሮች ይወጡ ነበር። ፈሳሹን ወቀስን፤ ሙቀቱን ወቀስን። አንድ ተማሪዬ በማይክሮስኮፕ ርቀታቸውን ለካ። 40 ማይክሮሜትር። ከዚያ ወረቀት አወጣና አሰላ። ሞተሩ አንድ ዙር በ200 እርምጃ ይዞራል። ዘንጉ በአንድ ዙር 8 ሚሊሜትር ይገፋል። 8 ሚሊሜትርን ለ200 ስናካፍለው 0.04 ሚሊሜትር፤ ልክ 40 ማይክሮሜትር። በእያንዳንዱ የሞተር እርምጃ ሰሌዳው ይቆምና ይዘል ነበር፤ ክሪስታሉም አብሮት ይቆምና ይዘል ነበር። እርምጃውን በማይክሮስቴፕ ስንከፋፍለው መስመሮቹ ጠፉ። ያን ቀን በጣም ኮራሁበት። ፊልማችሁ ላይ የሚደጋገም ነገር ካያችሁ መጀመሪያ ርቀቱን ለኩ። ርቀቱ ጥፋተኛውን ይናገራል።

ሦስተኛውን ግን የትም ተጽፎ አላገኘሁትም፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ። ከውጭ ይዤው የመጣሁት አሠራር እንዲህ ነበር። በአንድ ሚሊሊትር ቶሉዊን 8 ሚሊግራም ቲፕስ-ፔንታሲን፣ ወለሉ 90 ዲግሪ፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 0.4 ሚሊሜትር። አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ቃል በቃል ስከተለው ፊልሙ ተሰነጣጠቀ፤ ክሪስታሎቹም ወደ አንድ አቅጣጫ መሄዳቸውን ትተው እንደ ኮከብ ወደየአቅጣጫው ተበተኑ። አንዳንዴ ፈሳሹ ውስጥ ትንንሽ አረፋ አይ ነበር። ሆት ፕሌቱ ተበላሽቷል ብዬ በሌላ ቴርሞሜትር አረጋገጥኩ። ደህና ነው።

አንድ ቀን ሻይ እየጠጣን ነገሩ ብልጭ አለልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም፤ በ92 ወይም በ93 ይፈላል። ከተማችን ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ቶሉዊን በባሕር ጠለል በ110.6 ዲግሪ ይፈላል። እዚህ ሳሰላው 101 ገደማ ወጣ። እኔ 90 ላይ ሳስቀምጠው ለመፍላት 11 ዲግሪ ብቻ ይቀረዋል። ከዚያም በላይ ግፊቱ ሲቀንስ ትነቱ በአየር ውስጥ ቶሎ ይሰራጫል። ስለዚህ በዝቅተኛ ሙቀትም ቢሆን ፈሳሹ ከውጭው ላቦራቶሪ ፈጥኖ ይደርቃል። ሰሌዳው ሳይደርስ ክሪስታሉ በየቦታው ራሱ ይጀምራል። ሰልፉን የሚመራው የሰሌዳው ጠርዝ መሆኑ ይቀርና እያንዳንዱ ጠብታ ለብቻው ይሆናል።

ስለዚህ ሙቀቱን ወደ 75 አወረድን። ፍጥነቱን ከ0.1 እስከ 1 ሚሊሜትር በሰከንድ በየደረጃው ሞከርን። በጣም ዝግ ሲል ፊልሙ ይወፍርና በመሃል ይቆራረጣል። ሲፈጥን ደግሞ እርጥብ ሽፋን ከኋላ ትቶ ይሄዳል፤ እሱ በኋላ እንደፈለገ ይደርቃል፤ ሰልፍ የለም። ለኛ የተስማማው በ0.3 አካባቢ ነበር። እናንተ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ ወይም ጎንደር ከሆናችሁ የናንተ ቁጥር ሌላ ነው። ድሬዳዋ ከአዲስ አበባ ግማሽ ያህል ከፍታ ላይ ናት። የኔን ቁጥር አትቅዱ፤ ፍለጋውን ቅዱ። በባሕር ጠለል የተጻፈ አሠራር ካገኛችሁ ከሙቀቱ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ቀንሳችሁ ጀምሩ። ወይም እንደ ቴትራሊን ያለ ከ200 ዲግሪ በላይ የሚፈላ አሟሚ ተጠቀሙ፤ እሱ ዝግ ብሎ ይደርቃል። ደግሞም ከደረቀ በኋላ ፊልሙን ከ120 በላይ አታሙቁት፤ ቲፕስ-ፔንታሲን እዚያ አካባቢ የክሪስታል አደራደሩ ይለወጥና ይሰነጠቃል።

ወቅትም ለውጥ አለው። በበጋ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ወለሉን ማልበስ ይቀላል። ሐምሌና ነሐሴ ግን አስቸጋሪ ነው። እኛ ወለሎቹን በሚያዝያና በግንቦት አልብሰን፣ አሽገን፣ ለክረምቱ እናስቀምጣለን። አቧራ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ንጹሕ ክፍል የለንም። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ፣ ሰው ሳይገባ፣ ወለሉ በእርጥብ ጨርቅ ተወልውሎ፣ መስኮት ተዘግቶ እንሠራለን። ይህ ብቻ የተበላሹትን በብዙ ቀንሶልናል።

ሰልፉን ለማየት የምንጠቀመው መሣሪያ ደግሞ ዋጋው ከምንም አይቆጠርም። ከተሰበረ ኤልሲዲ ስክሪን ላይ ሁለት ፖላራይዘር ፊልም ላጥን። አንዱን ከማይክሮስኮፑ መብራት ላይ፣ ሌላውን ከሌንሱ በላይ፣ እርስ በርስ አቋርጠን አስቀመጥን። የተሰለፈ ክሪስታል በመካከላቸው ሲገባ በቀለም ያበራል። ናሙናውን 45 ዲግሪ ስታዞሩት ይጨልማል። ፊልሙ በሙሉ በአንድ ጊዜ ካበራና በአንድ ጊዜ ከጨለመ፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ተሰልፏል። አንዱ ሲያበራ ሌላው የሚጨልም ከሆነ ገና ነው። አንድ ማስታወሻ አለኝ። ብርሃን ከሥር ለማሳለፍ የሲሊኮን ዌፈር አይሆንም፤ ለሙከራው መጀመሪያ በመስታወት ላይ ሥሩ፤ ሲሳካ ወደ ዌፈሩ ሂዱ።

ስለ ልኬት ከልቤ የምለው ነገር አለ። በዚህ ዘርፍ ትልቅ ቁጥር ማግኘት ሳይሆን እውነተኛ ቁጥር ማግኘት ነው ከባዱ። ሞቢሊቲ የምናሰላው የከረንቱን ካሬ ሥር ከጌት ቮልቴጁ (ትራንዚስተሩን ከሚከፍተውና ከሚዘጋው ቮልቴጅ) ጋር አስምረን ካገኘነው መስመር ተዳፋት ነው። መስመሩ ቀጥ ያለ መሆን አለበት። አንዳንዴ ግን መጀመሪያ ላይ በጣም ሽቅብ ይሄድና ቆይቶ ይጎብጣል። ከሽቅቡ ካሰላችሁ ቁጥሩ በብዙ እጥፍ ይተልቃል። በ2016 በአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም ያሉ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው ይህን በግልጽ አሳዩ። ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ከወርቁና ከፊልሙ መገናኛ ነው። ብዙዎች በዚያ ሽቅብ ክፍል ተታለው ነበር። ከሚጎብጠው በኋላ ያለውን ውሰዱ፤ ሙሉውን መስመርም አሳዩ። ደግሞ ፊልሙን በትራንዚስተሩ ዙሪያ በጥርስ መጎርጎሪያ ወይም በጥጥ ፈቅፍቃችሁ ለዩት። ካልለያችሁት ከጎን የሚሾልክ ከረንት ተጨምሮ ቁጥሩን ያሳብጠዋል። እኛ አንድ ጊዜ 1.9 አግኝተን ስንለየው 0.7 ሆነ። ተማሪዎቼ አዘኑ። እኔ 0.7ቱን ነው የመዘገብኩት። በማግስቱ ሌላ ሰው ሠርቶ የሚያገኘው እሱን ነውና።

ባለፈው ጥር አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቢሮዬ ውስጥ ፈተና እያረምኩ ነበር። ያ የሞተሩን እርምጃ ያሰላው ተማሪ በሩን ቀስ ብሎ አንኳኳ።

"ዶክተር፣ ካላስቸገርኩዎት አንድ ጊዜ ይምጡና ይዩት" አለኝ።

ሄጄ አየሁ። ሁለት ሴንቲሜትር ርዝመት ያለው ፊልም ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ብርቱካናማ ቀለም ያበራል። ናሙናውን ቀስ አድርጎ አዞረው። ሁሉም በአንዴ ጨለመ። መልሶ አዞረው፤ ሁሉም በአንዴ በራ። ሁለታችንም ለትንሽ ጊዜ ምንም አልተናገርንም።

"አንድ ጊዜ የወጣ አይቆጠርም፤ ድገመው" አልኩት።

ከሰዓት በኋላ ሦስት ደገመ። ሁለቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንዴ ጨለሙ።